የተሰበረ ልብና የካንትሪ ሙዚቃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካንን ካንትሪ ሙዚቃ የሚወድም የማይወድም ሰው በአንድ ነገር ይስማማል፤ መለየትን የሚዘፍነው አብዝቶ ነው። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ብቻ “የልቅሶ ሙዚቃ” ብለው ይተዉታል። እኔ ግን ከልቅሶው ይልቅ አነጋገሩ ነው የሚማርከኝ። ካንትሪ ኀዘንን በዕቃ ይናገራል፤ ባዶ ወንበር፣ የደበዘዘ ደብዳቤ፣ ከጣት የወለቀ ቀለበት። የሚከተሉት ጥያቄዎች ስለዚህ ሙዚቃ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካንትሪ ለምን ይህን ያህል ስለ ተሰበረ ልብ ይዘፍናል?

ጥንቱንም የተወለደው ከዚያ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ በሚገኙት በአፓላቺያ ተራሮች የሰፈሩት የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ ሰዎች ከሀገራቸው ይዘዋቸው የመጡ ረጃጅም የትረካ ዘፈኖች ነበሯቸው። አብዛኞቹ የፍቅር መጨረሻ ታሪኮች ናቸው፤ ባሕር ተሻግሮ የቀረ መርከበኛ፣ ሳትወድ ለሌላ የተዳረች ልጅ፣ አንዳንዴም በገዛ ወዳጇ እጅ ወንዝ ዳር የተገደለች ወጣት። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ዛሬ ሲደመጥ ይዘገንናል፤ ሊዘገንንም ይገባል። በዚህ ላይ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሆነው ብሉዝ ታከለበትና ትረካው “እኔ” ብሎ የሚናገር ድምፅ አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1927 በጋ ራልፍ ፒር የተባለ የሸክላ አሳታሚ ቴነሲና ቨርጂኒያ በሚዋሰኑባት በብሪስቶል ከተማ የመቅረጫ መሣሪያውን ተክሎ የአካባቢውን ዘፋኞች ጠራ። ካርተር ፋሚሊ የተባለው ቤተሰብና የባቡር ሠራተኛ የነበረው ጂሚ ሮጀርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጹት እዚያ ነው። ሮጀርስ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1933 በ35 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሲዘፍን የኖረው ስለ ባቡር፣ ስለ ናፍቆትና ስላልቀናው ፍቅር ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ሙዚቃውን ወደ ተሰበረ ልብ ያዘነበለው ግን ሆንኪ ቶንክ የሚባለው መጠጥ ቤት ይመስለኛል። በአሜሪካ የመጠጥ እገዳ በ1933 ተነሳ። ነዳጅ በሚወጣባቸው የቴክሳስ ከተሞች ከቤታቸው ርቀው የሚሠሩ ወንዶችና ሴቶች ማታ ማታ ወደነዚህ ቤቶች ይጎርፉ ጀመር። ሳንቲም ሲጨምሩበት ሸክላ የሚያጫውተው ማሽን ጥግ ላይ ቆሟል፤ ጫጫታው ከባድ ነው፤ ስለዚህ ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆነ፣ ድምፁ ጎላ፣ የዘፈኑም ጉዳይ ተለወጠ። ስለ እናት ጎጆና ስለ ተራራው ቤተ ክርስቲያን መዝፈን ቀነሰና ስለ ክህደት፣ ስለ ፍቺ፣ በሌሊት ወለሉ ላይ ስለ መንጎራደድ መዝፈን በዛ። የሚያዳምጠው ሰው ትዳር ያየ፣ ቤት የፈረሰበት፣ ነገ ማለዳ ሥራ የሚገባ ጎልማሳ ነበር። ዘፈኑም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እንደሚገባ ሆኖ ተጻፈ።

ሀንክ ዊልያምስ ማን ነው? ስሙ ለምን ሁልጊዜ ይነሳል?

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የሚለካው በእርሱ ስለሆነ ነው። በ1923 በአላባማ ተወለደ። በ1953 የመጀመሪያ ቀን፣ ወደ ኦሃዮ ለትርኢት ሲጓዝ፣ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 29 ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በአከርካሪው ሕመም ተሠቃይቷል፤ መጠጡም መድኃኒቱም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሚስቱ ከኦድሪ ጋር የነበረው ትዳር የፍቅርም የጠብም ትዳር ነበር። በ1952 ተፋቱ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ በመጨረሻው የቀረጻ ክፍለ ጊዜ፣ “ዩር ቺቲን ሃርት” የተባለውን ዘፈን አስቀረጸ፤ ዘፈኑ ወጥቶ አንደኛ ደረጃ የያዘው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ዘፈኑ ከዳተኛዋን አይራገምም፤ የገዛ ልብሽ እንቅልፍ ይነሳሻል ብሎ ይተዋታል። ለእኔ የሀንክ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። የሚጠቀምባቸው ቃላት አንድ የገበሬ ልጅ በየቀኑ የሚናገራቸው ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም። በ1949 ያስቀረጸው ስለ ብቸኝነት የሚናገረው ዘፈኑ ወፎችን፣ የሌሊት ባቡርን፣ ጨረቃንና የሚወድቅ ኮከብን ብቻ ይዞ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል፤ ምን ሆኖ እንዳዘነ አንድም ቦታ አይነግረንም፤ መጠየቅም አያሰኝም።

በ1951 ቶኒ ቤኔት የተባለው የኒው ዮርክ ዘፋኝ “ኮልድ ኮልድ ሃርት” የተሰኘውን የሀንክ ዘፈን በኦርኬስትራ ዘፍኖ ለከተማው ሰው አደረሰው። ከዚያ ወዲህ “የገጠር ሰው ዘፈን” የሚለው ንቀት እንደ ቀድሞው አልጸናም።

ያ የሚያለቅስ የሚመስለው መሣሪያ ምንድን ነው?

ስቲል ጊታር ነው። አመጣጡ ከሃዋይ ደሴቶች ነው። ተጫዋቹ ክሮቹን በጣቱ በመጫን ፋንታ ለስላሳ ብረት በላያቸው ያንሸራትታል፤ ስለዚህ አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከል ያሉትን ሁሉ እየነካ ያልፋል። የሰው ድምፅም ሲያለቅስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ኋላ ላይ ፔዳል ተጨመረበት። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ እየጠበቀ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። በ1954 ዌብ ፒርስ ባወጣው ዘፈን ላይ ባድ አይዛክስ የተባለው ተጫዋች ይህን ዘዴ ካሰማ በኋላ የካንትሪ ማዕከል የሆነችው የናሽቪል ከተማ ተጫዋቾች በየቤታቸው መሣሪያቸውን እየፈቱ ፔዳል ይገጥሙ ጀመር። የስቲል ጊታር ተጫዋች ዋና ችሎታው ግን መቼ ዝም እንደሚል ማወቁ ነው። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ያን ጊዜ ይገባል፤ ልክ ለቅሶ ቤት አስለቃሿ ስትጨርስ ከኋላ እንደሚቀበሉት ሰዎች።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የካንትሪ ዘፈን የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ ለአሥር አፍቃሪ ቢያቀርቡ አብዛኛው አንድ መልስ ይሰጥዎታል፤ ጆርጅ ጆንስ በ1980 ያወጣው “ሂ ስቶፕድ ላቪንግ ኸር ቱዴይ”። እኔም የተለየ መልስ የለኝም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው እስክሞት እወድሻለሁ ይላታል፤ እርሷ ትረሳኛለህ ትለዋለች። ዓመታት ያልፋሉ። ፎቶግራፏ ግድግዳው ላይ፣ የድሮ ደብዳቤዎቿ አልጋው አጠገብ ናቸው፤ እወድሃለሁ የሚለው ቃል ሁሉ በቀይ ተሰምሮበታል። ከዚያ አንድ ቀን መውደዱን አቆመ ይባልልናል። ሰሚው ተጽናና ማለት ነው ብሎ ደስ ሊለው ሲል በሩ ላይ የተሰቀለው የአበባ ጉንጉን ይነገረዋል። ሰውየው ሞቷል። ቃሉን ጠብቋል።

ደራሲዎቹ ቦቢ ብራዶክና ከርሊ ፑትማን ናቸው፤ አዘጋጁ ቢሊ ሼሪል ነበር። ጆንስ መጀመሪያ ዘፈኑን አልወደደውም፤ ከመጠን በላይ የሚያጨልም ነው፣ ማንም አይገዛውም ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ በመጠጥና በዕፅ ክፉኛ ወድቆ ስለነበር በመካከል ያሉትን በንግግር የሚባሉ ጥቂት ስንኞች ሳይንተባተብ ለማስቀረጽ ብዙ ወራት እንደወሰደ ሼሪል ተርኳል። ሲወጣ አንደኛ ደረጃ ያዘ፤ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርም በ1980 እና በ1981 ሁለት ዓመት በተከታታይ የዓመቱ ዘፈን አለው። ጆንስ በ2013 ሲሞት አለን ጃክሰን ይህንኑ ዘፈን በቀብር ሥነ ሥርዓቱ ላይ ዘፈነለት።

ደጋግመው ሲያዳምጡት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዘፈኑ ሰውየውን አያሞግሰውም፤ አይወቅሰውምም። ጥሎት ለሄደችው ሴትም ክፉ ቃል የለውም፤ የመጨረሻውን ቀን መጥታ አየችው ይላል፤ ያው ነው። የተቀረውን ለእኛ ይተወዋል። ግማሽ ዕድሜውን ለሌለች ሴት የሰጠ ሰው ታማኝ ነው ወይስ የጠፋ? እኔ ሁለቱንም ይመስለኛል። በወጣትነቴ ታማኝነቱ ነበር የሚታየኝ፤ አሁን ያ ባዶ ቤት ይበልጥብኛል።

ዘፋኞቹ የገዛ ሕይወታቸውን ነው የሚዘፍኑት?

አንዳንዴ። ብዙ ጊዜ ግን ቃሉ የሌላ ሰው ነው፤ ናሽቪል ውስጥ ዘፈን መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሰዎች በቀጠሮ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ሆኖም ሕይወትና ዘፈን የሚጋጠሙበት አጋጣሚ ያስደነግጣል።

ጆርጅ ጆንስና ዘፋኟ ታሚ ዋይኔት በ1969 ተጋቡ፤ በ1975 ተፋቱ። በ1974 ጆንስ “ዘ ግራንድ ቱር” የተባለ ዘፈን አወጣ። አንድ ሰው እንግዳን ቤቱን ያስጎበኛል፤ ይህ እርሷ ጋዜጣ ታመጣልኝ የነበረበት ወንበር ነው፣ ይህ አልጋችን ነው እያለ ይወስደውና መጨረሻ ላይ የሕፃኑ ክፍል ይደርሳሉ፤ ባዶ ነው። ከዘፈኑ ደራሲዎች አንዱ ጆርጅ ሪቺ ነበር፤ ይኸው ሰው በ1978 ታሚ ዋይኔትን አገባ። ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ አርታኢው ይህን አውጣው ይል ነበር።

ጆንስና ዋይኔት ከተፋቱ በኋላም አብረው መዝፈናቸውን አልተዉም። በ1976 አንደኛ ደረጃ የያዘው “ጎልደን ሪንግ” ስለ አንድ የጋብቻ ቀለበት ነው፤ ዕቃ ይዘው ገንዘብ ከሚያበድሩ ሱቆች ከአንዱ ተገዝቶ፣ ጣት ላይ ቆይቶ፣ ተመልሶ ሱቁ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ቀለበቱ አይናገርም፤ ጥንዶቹ ሲናገሩ ይሰማል። የተፋቱ ባልና ሚስት አንድ ማይክሮፎን ፊት ቆመው ይህን ሲዘፍኑ ማሰብ ለእኔ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በዘፈኖቹ ውስጥ ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ ሴት ናት?

ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበር፤ ይህ የሙዚቃው ጉድለት ነው። በ1952 ሀንክ ቶምሰን ስለ አንዲት ቤቷን ጥላ መጠጥ ቤት ስለ ገባች ሴት ዘፍኖ ትልቅ ዝና አገኘ። በዚያው ዓመት ኪቲ ዌልስ በዚያው ዜማ መልስ ሰጠች፤ ከእያንዳንዷ ከጠፋች ሴት በስተጀርባ አንድ ከዳተኛ ወንድ አለ አለች። አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች አናሰማም ብለው ነበር። ዘፈኑ ግን አንደኛ ወጣ፤ ብቻዋን የዘፈነች ሴት ቢልቦርድ በተባለው መጽሔት የካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ ስትሆን የመጀመሪያው ነበር። ዌልስ ረጋ ያለች፣ ቤተሰቧን የምታስተዳድር፣ በመድረክም ላይ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ነበረች። ምናልባት ለዚህ ነው ክሱ ያን ያህል የሰረጸው።

ከእርሷ ቀጥላ ሎሬታ ሊን መጣች፤ ሰክሮ ለሚመጣ ባል በሩን የሚዘጋ ዘፈን፣ ባሏን ልትነጥቅ ለመጣች ሴት ፊት ለፊት የሚመልስ ዘፈን። በ1972 ደግሞ የፈታች ሴትን ሰው እንዴት እንደሚያያት ዘፈነች። ፓትሲ ክላይን ሌላ መንገድ ነበራት፤ አትከስም፣ ትሸነፋለች፤ ሽንፈቱን ግን በንጉሣዊ ድምፅ ትዘፍነዋለች። በ1961 ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶባት፣ በክራንች እየሄደች፣ ገና እምብዛም ያልታወቀው ዊሊ ኔልሰን የጻፈውን “ክሬዚ” ልታስቀርጽ ገባች። የተጎዱት የጎን አጥንቶቿ ከፍ ያለውን ድምፅ ስለከለከሏት በሌላ ቀን ተመልሳ ዘፈነችው። ማርች 5 ቀን 1963 በአውሮፕላን አደጋ ስትሞት 30 ዓመቷ ነበር።

“አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ” የዊትኒ ሂዩስተን ዘፈን አይደለም?

የዶሊ ፓርተን ነው። ከ1967 ጀምሮ በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ትሠራ ነበር፤ ብቻዋን መሄድ ስትፈልግ እርሱ አለቅም አለ። ክርክሩ አላልቅ ሲል ስንብቱን በዘፈን ጽፋ ዘፈነችለት። በ1974 ወጣ። የፍቅረኛሞች መለያየት ሳይሆን የሥራ ባልደረቦች ስንብት መሆኑ ብዙውን ሰው ያስገርማል። ኤልቪስ ፕሬስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ አስተዳዳሪው የባለቤትነቱን ግማሽ ሲጠይቃት እያለቀሰች እምቢ አለች። በ1992 ዊትኒ ሂዩስተን ስትዘፍነው ዓለም ሁሉ ሰማው። የዊትኒ ድምፅ ተራራ ይንዳል፤ እኔ ግን ዶሊ በዝግታ የምትለው ይበልጥ ያስለቅሰኛል፤ ምክንያቱም የምትሰናበተው ሰው ክፍሉ ውስጥ እንደተቀመጠ ይሰማል።

ካንትሪ የነጮች ሙዚቃ ብቻ ነው?

አይደለም። በካንትሪ የሚዘወተረው ባለ ክሩ መሣሪያ ባንጆ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች መሣሪያ ነው። ሀንክ ዊልያምስን በልጅነቱ ጊታር ያስተማረው ሩፈስ ፔይን የተባለ ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነበር። ሌስሊ ሪድል የተባለው ጥቁር ጊታረኛ ከካርተር ፋሚሊው አባወራ ጋር እየዞረ ዘፈን ሰብስቧል። በ1962 ሬይ ቻርልስ የካንትሪ ዘፈኖችን ብቻ የያዘ አልበም አውጥቶ፣ የዶን ጊብሰንን አንድ የመለየት ዘፈን የሀገሪቱ አንደኛ ዘፈን አደረገው። ይህ ሁሉ ሆኖ የሸክላ ኩባንያዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ የነጩንና የጥቁሩን ሙዚቃ በተለያየ መዝገብ እየሸጡ አንዱን ቤት ለሁለት ከፈሉት። ክፍፍሉ የንግድ እንጂ የሙዚቃው አልነበረም።

መጠጥ ለምን ይበዛበታል?

የተዘፈነው መጠጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ። መልካሞቹ ዘፈኖች ግን መጠጡን አያሞግሱም፤ እንዳልረዳ ነው የሚናገሩት። ሀንክን የቀጨው ይኸው ነው። ጆርጅ ጆንስ በ1999 ከከባድ የመኪና አደጋ ተርፎ መጠጥ ተወ፤ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ፣ ዘፈነም። ልቡ ተሰብሮ ወደ ብርጭቆ ያዘነበለ ሰው ከዘፈኖቹ ይልቅ ይህን ታሪክ ቢይዝ እመርጥለታለሁ።

ከእኛ ትዝታ ጋር ይመሳሰላል?

ስሜቱ ጎረቤት ነው፤ አሠራሩ ይለያል። ትዝታ ቅኝቱ ራሱ ናፍቆትን ይሸከማል፤ ዘፋኙ ታሪኩን ባይጨርስም፣ ስንኙ ከስንኝ ባይያያዝም፣ ሆድ ያባባል። ማን እንደሄደ፣ መቼ እንደሄደ አይነገርም፤ ትዝታው ራሱ እንደ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ካንትሪ ግን ታሪኩን ከነስፍራው ይፈልጋል። ኬኒ ሮጀርስ በ1977 ባወጣው “ሉሲል” ላይ ከተማዋ ተጠርታለች፣ መጠጥ ቤቱ አለ፣ የወለቀው ቀለበት አለ፣ የተራቡት ልጆች አራት ናቸው፣ ሰብሉም ገና ከማሳ አልተነሳም። ጥላው የመጣችው የሉሲል ባል ሲገባ እጆቹ በሥራ የሻከሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ተራኪው ሴቲቱን መንካት ያቅተዋል። የገበሬ ሀገር ልጅ ለሆነ አድማጭ ሰብል ሳይሰበሰብ የተበተነ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በካሴት ዘመን ያደገው የሀገራችን ሰው ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን የወደደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዛሬ ናሽቪል ውስጥ ራሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ።

የዛሬው ካንትሪ ይህን ትቶታል?

ከ2010 በኋላ ለጥቂት ዓመታት ሬዲዮውን የሞላው ስለ ፒክአፕ መኪና፣ ስለ ቢራና ስለ ቅዳሜ ማታ የሚዘፍን ነገር ነበር። አልወደድኩትም። ሆኖም ሚራንዳ ላምበርት በ2016፣ ኬሲ መስግሬቭስና ካርሊ ፒርስ በ2021 ከፍቺያቸው በኋላ ሙሉ አልበሞች አውጥተዋል፤ ሦስቱም ሴቶች ናቸው። ፒርስ አልበሟን የሰየመችው በዘፈኗ አገባሁም ፈታሁም በምትልበት ዕድሜ፣ 29 ብላ ነው።

ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን ባዳምጥ ይብስብኛል?

የመጀመሪያው ሰሞን ምናልባት። ዘፈን ከሰው ጋር መነጋገርን አይተካም፤ እንቅልፍና ምግብ እስኪያስተው የከፋ ሐዘን ካለ ከቅርብ ሰው ወይም ከሐኪም ጋር መነጋገር ይቀድማል። ከዚያ ወዲያ ግን እኔ ደፍሬ አዳምጡ እላለሁ። የራስን ኀዘን ሌላ ሰው በሦስት ደቂቃ አስተካክሎ ሲናገረው መስማት ያሳርፋል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ከማን ልጀምር?

ከዶን ዊልያምስ። ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ነው፤ ቃል አይውጥም፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የወደዱት በዚህ ነው፤ በ1997 ዚምባብዌ ሄዶ ዘፍኗል። ቀጥሎ ጂም ሪቭስ፤ ከመጠጥ ቤት ስልክ ደውሎ ሌላ ሰው አጠገቧ ላለ ሴት የሚናገርበትን “ሂል ሃቭ ቱ ጎ” ይፈልጉ፤ እንደ ስልክ ወሬ ስለሆነ ለመከተል ቀላል ነው። ከዚያ ኬኒ ሮጀርስ፣ ፓትሲ ክላይን፣ ሀንክ። ጆርጅ ጆንስን ወደ መጨረሻ ያቆዩት፤ ጥርሱን ገጥሞ ስለሚዘፍን አንዳንዱ ቃል ያመልጣል፤ ግጥሙን አስቀድመው ያንብቡት፣ በተለይ ያን ስለ ቤት ጉብኝት የሚዘፍነውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የመጨረሻውን ክፍል አስቀድሞ ማንም እንዳይነግርዎት ብል፣ እኔው ከላይ ነግሬዎታለሁ፤ ይሁንና አውቀውት ሲሰሙትም ኃይሉ አይቀንስም።